አራስ ቤት ውስጥ የተነሳው አቧራ

አንድ ጊዜ ነው፤ ክረምቱ ሊገባ ሲል አንበሳ የቤቱን አሮጌ ልስን አስፍቆ ኖራ ሊያስቀባ ተነሳ። ሚስቱ ጓዳ ውስጥ ከወለደች ገና ሳምንቷ ነው። እሺ አሁን በዚህ ሰዓት ቤት ይታደሳል? ግን እንግዳ ሊመጣ ነው፣ ቤቱ ይመር ተባለ።

ሥራውን በአለቅነት የያዘው ቀበሮ ነበረ። የሚፍቀው ጅብ፣ ውሃና አሸዋ የምታመላልሰው ደግሞ አህያ።

ቀበሮ ገና ሳይጀመር «አራስ ቤት ነው፣ ብርድ እንዳይገባ!» ብሎ መስኮቱን ጥርቅም አደረገው። ጅብ ሆዬ ሙዳ ሥጋ ተስፋ ተሰጥቶታል፤ ግድግዳውን በጥፍሩ ይቧጥጠው ጀመር። በደረቁ! ቤቱ በአቧራ ታፈነ።

አህያ ውሃዋን ተሸክማ ስትገባ ከጓዳ ሳል ሰማች። ቀጭን ነው፣ ቁርጥ ቁርጥ የሚል። የደቦሉ ሳል! ጆሮዋ ቀጥ አለ።

«አያ ጅቦ፣ ተው እንጂ! ግድግዳው ሳይርስ ይፋቃል?»

«እመት አህያ፣ እሱን ለአለቃዬ ንገሪ። እኔ ሥጋዬን ነው የምጠብቀው» አለ ጅብ፣ እያነጠሰ።

ቀበሮ ሳቀባት። «ደግሞ ሐኪም ሆንሽልን? ውሃ ስናርከፈክፍ ልንከርም ነው? ተሸከሚና ዝም በይ!»

ዕድሜዋን ሙሉ ዝም ብላ ተሸክማለች። ያን ቀን ግን ደሟ ፈላ። ውሃዋን ግድግዳው ላይ ገለበጠችው። ጀርባዋ ላይ የነበረውን እርጥብ ጆንያ አንስታ የጓዳው በር ላይ ሰቀለችው። ከዚያ ዞር አለችና መስኮቱን በኋላ እግሯ ብርግድ!

አንበሳ እየሮጠ መጣ። «ማነው የአራስ ቤት መስኮት የሰበረው?»

«ይቺ ደንቆሮ ናት፣ ጌታዬ!» አለ ቀበሮ ፈጠን ብሎ።

አህያ ግን አልሸሸችም።

«ጌታዬ፣ ከፈለጉ ይብሉኝ። መጀመሪያ ግን የልጅዎን ሳል ይስሙ።»

አንበሳ ሊያገሳ አፉን ሲከፍት አቧራው ጉሮሮው ውስጥ ገባ። ጩኸቱ ሳል ሆኖ ወጣ። ሳለ፣ ሳለ፣ ዓይኑ እስኪያለቅስ ሳለ። ቀና ሲል ከጆንያው ጀርባ ደቦሉም ይስላል።

«እኔን እንዲህ ካነቀኝ…» አለ።

ወዲያው እናትና ልጁን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ እህቱ ቤት ወሰዳቸው። ሲመለስ አለቅነቱን ለአህያ ሰጣት።

ምን ዓይነት አለቃ ሆነች መሰላችሁ! ሳይርስ የሚፋቅ የለም፤ መስኮት አይዘጋም፤ ወለሉ በመጥረጊያ ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ ነው የሚጸዳው። ጅብ እያጉረመረመ ታዘዘ። ውሃውን ከወንዝ የሚያመላልሰው ማን ሆነ? ቀበሮ!

ሥራው አራት ቀን ፈጀ። ኖራው ደርቆ፣ ሽታው ወጥቶ ሲያልቅ አራሷ ተመለሰች። አህያ ጓዳው በር ላይ ቆማ ጆሮዋን ጣለች። ደቦሉ ተኝቷል። ሳል የለም፤ ትንፋሹ ብቻ ነው የሚሰማው።

ከዚህ የምንማረው፣ ግድግዳ ከማሳመራችን በፊት በዚያ ቤት ውስጥ ማን እንደሚተነፍስ ማሰብ እንዳለብን ነው።