«ምንም አልፈሰሰም» ያለችው ሴት

በቼክ አገር አንድ ደራሲ ነበረ። አገሩን የሚገዛው የኮሚኒስት ፓርቲ መንግሥት መጽሐፎቹን ከየቤተ መጻሕፍቱ አስወጥቶ፣ እሱን ለሕንፃ ማሞቂያ ከሰል እንዲያነድ መደበው። በዚያ አገር የታገደ ጽሑፍ በካርቦን ወረቀት እየተባዛ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር። ወዳጆችም በአንዱ ቤት ተሰብስበው የጻፉትን እርስ በርስ ያነቡ ነበር።

የዚህ ሰው ሚስት ታመመች። ሕመሟ መርሳት ነበር። መጀመሪያ የጎረቤት ስም ጠፋባት፤ ቀጥሎ የማንኪያ አያያዝ። ደራሲው ለማንም አልተናገረም፤ ነገር ግን እሷ ጨርሳ ሳትጠፋ እንዳለች ጻፋት። ሳያሳምር ጻፋት፦ ሾርባው ደረቷ ላይ እየወረደ «ምንም አልፈሰሰም!» ብላ ስትቆጣ፣ ለማይመጣ እንግዳ ኮት ደርባ ስትጠብቅ።

ጽሑፉን ለወዳጆቹ ሊያነብ ሄደ። ብቻዋን መተው ስለማይቻል እሷንም ይዟት ሄዶ በሩ አጠገብ አስቀመጣት። ያን ዕለት ጸጥ ብላ፣ ልብሷን አሳምራ ነበርና ማንም ሕመሟን አላወቀም።

ሾርባው ጋ ሲደርስ ቤቱ በሳቅ ተናወጠ።

«ፓርቲው ነዋ! ቁርጥ እሱን!» አለ አንዱ ጭኑን እየመታ።

«ሚስቴ ናት» አለ ደራሲው።

«ጎሽ! የፖሊስ መርማሪ ሲጠይቅህም እንደዚሁ በለው!» ሳቁ ባሰ።

ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ከመስመሩ ሥር የተደበቀ ነገር መፈለግ ለምደው፣ መስመሩ ላይ ያለችው ሴት አልታየቻቸውም።

ሚስቱ ግን ፊቷ ቀላ። በእጇ ደረቷን ዳሰሰች። «ምንድን ነው የሚያስቃቸው?» አለችው።

ደራሲው ደረቷ ላይ ያለውን እጇን አየ። ከዚያ ሁሉም እየሰማ፣ «መንግሥት ነው፣ የኔ ፍቅር። የጻፍኩት ስለ መንግሥት ነው» አላት።

ወዳጆቹ አጨበጨቡ። እሷም እጇን አወረደች።

«እኔን መስሎኝ ነበር» አለች።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ባሏንም ረሳችው፤ ሞተችም። መንግሥቱም ወደቀ። ያ ጽሑፍም ታትሞ በየትምህርት ቤቱ ይማሩበታል። «ሴትዮዋ ማንን ትወክላለች?» ተብሎ ሲጠየቅ «ፓርቲውን» ያለ ተማሪ ሙሉ ማርክ ያገኛል። ደራሲው አንድ ቀን ለማስተባበል ቢነሣ፣ እነዚያ ወዳጆቹ «በገዛ አፍህ ስትናገር ሰምተናል እኮ» አሉት። እውነታቸውን ነው።

እንግዲህ ልጄ፣ «መምህር፣ ፖለቲካውን ትቼ ስለ እናቴ ብቻ ብጽፍ ይተዉኛል ወይ?» ብለህ ጠየቅኸኝ። እናትህ ያቺ ሴት ናት። ጠላትህ ጽሑፍህን ይነጥቅሃል፤ እሱስ የታወቀ ነው። ወዳጅህም ስለሚወድህ ይነጥቅሃል። በመጨረሻም አንተው፣ ለምትወደው ሰው አዝነህ፣ በእጅህ ታስረክባለህ። አይተዉህም። መውጫውን ባውቅ ኖሮ በአንድ ቃል እመልስልህ ነበር እንጂ ምሳሌ አላወራህም ነበር።