ከኋላ የበራው መብራት

አንድ የሰሊጥ ነጋዴና አንድ የሲሚንቶ ነጋዴ በአንዲት የገጠር ከተማ አጥር ለአጥር ይኖሩ ነበር። የሰሊጡ ነጋዴ ደመላሽ፣ የሲሚንቶው አንተሁነኝ ይባላል። ሁለቱም ሀብታሞች ናቸው፤ የሚበልጥም የሚያንስም አልነበረም፣ ጣጣውም የመጣው ከዚሁ ነው። ደመላሽ ከፍ ያለች፣ ሞተሯ የእሽቅድምድም የሆነ ጥቁር የቅንጦት መኪና አስመጣ። ብዙም ሳይቆይ አንተሁነኝ የሷን አምሳያ ነጭ አስመጣ። ከዚያ ወዲህ ከተማው ሌላ ወሬ አጣ።

የክርክራቸው ርዕስ አንድ ብቻ ነው። ከቆመችበት ተነስታ ቶሎ የምትወነጨፈው የማን ናት? በስልክ ሰዓት ለኩ፣ ጎማ ቀየሩ፣ ነዳጅ አማረጡ። አንድ ቀን ጥቁሯ ትቀድማለች፣ በማግስቱ ነጯ፤ ልዩነቱ የዓይን ጥቅሻ ያህል እንኳ አይሞላም። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው ሳይቀር ስለ ሞተር ጉልበት ይነታረካሉ። «እንዴት አደርክ» መባባሉ ቀርቶ ሰላምታቸው «ዛሬስ ትችለኛለህ?» ሆነ።

ጨዋታቸው ሕግም ነበረው፤ ያወጣው ደመላሽ ነው። ከኋላ የመጣው መብራቱን ብልጭ ድርግም ካደረገ «ና እንሞካከር» ማለት ነው። የፊተኛው ቀዝቅዞ ይጠብቀዋል፣ የኋለኛው ሊያልፍ ሲል ደግሞ ተስፈንጥሮ ይዘጋበታል። ያሳለፈ ተሸነፈ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የአንተሁነኝ እናት፣ እማማ ጥሩወርቅ፣ ደጃፋቸው ላይ ወደቁ። አፋቸው ወደ ጎን ተጣሞ፣ አንድ እጃቸው አልታዘዝ ብሎ ነበር። አንተሁነኝ ለሥራ ወጥቷል፤ ደመላሽ ደርሶ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዳቸው። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ገና ስታያቸው ፊቷ ተለወጠ። «ይሄ እዚህ የሚቻል አይደለም። አሁኑኑ ዞን ሆስፒታል ይድረሱ። በመንገድ የምታባክኑት ጊዜ ከሳቸው ዕድሜ ላይ ነው የሚቀነሰው» አለች።

ደመላሽ እማማን አቅፎ ጥቁሯ መኪና የኋላ ወንበር ላይ አስተኛቸው። ሚስቱ ብርቄ ጭንቅላታቸውን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። በጥድፊያው ስልኳን ቤት ረስታዋለች። መኪናዋም ተወነጨፈች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ጉልበቷ ለቁም ነገር ዋለ።

ከተማውን ወጥተው ጠመዝማዛው መንገድ ላይ ሲደርሱ ከፊታቸው ነጯ መኪና ታየች።

«ተመስገን! ልጃቸው ነው!» አለ ደመላሽና መብራቱን ደጋግሞ አበራ፣ ክላክሱንም ለቀቀው።

እጁ ገና ከመብራቱ ሳይነሳ ምን እንዳደረገ ገባው። ነጯ መኪና ቀዝቀዝ አለች። አንተሁነኝ እጁን በመስኮት አውጥቶ እያወዛወዘ ይጠራው ጀመር።

ደመላሽ በግራ ሊወጣ ሞከረ። ነጯ ተስፈንጥራ እኩል ሆነች። ከፊት የጭነት መኪና ሲመጣበት ፍሬን ረግጦ ተመለሰ፤ እማማ ከብርቄ ጭን ተንሸራተው አቃሰቱ። ነጯ እንደገና ቀዝቅዛ ጠበቀችው። እንደገና ሞከረ፣ እንደገና ተዘጋበት። ክላክስ ባሰማ ቁጥር አንተሁነኝ በክላክስ ይመልስለታል።

«ደውልለት እንጂ!» ጮኸች ብርቄ።

ደመላሽ ስልኩን አቀበላት። ደወለች፤ ጠራ፣ ጠራ፣ ተዘጋ። ደግማ ደወለች። አንተሁነኝ የደመላሽን ስም ሲያይ ሊያዘናጋው የደወለ መስሎት ስልኩን አጠገቡ ያለው ወንበር ላይ ወረወረው።

«እጃቸው እየቀዘቀዘ ነው» አለች ብርቄ። «ደሜ፣ ቁምለት!»

«ምን? እዚህ? አብደሻል? ቆመን ሊሞቱብን?»

«አንተ እስከተከተልከው ድረስ መንገድ አይለቅም። ተሸነፍለት! ሊስቅብህ መመለሱ እንደማይቀር አታውቅም?»

ለደመላሽ ከዚያ የከበደ ነገር በሕይወቱ አልገጠመውም። የሚሞት ሰው ጭኖ መቆም! ቢሆንም መብራቱን አጠፋ፣ ከመንገዱ ወጣ፣ መኪናዋን አቆመ። ነጯ መኪና ኩርባውን ዞራ ከዓይን ተሰወረች። የእማማ ትንፋሽ ብቻ ይሰማል፣ እሱም እየተቆራረጠ። ደመላሽ መሪውን ጨብጦ «ተመለስ፣ በእናትህ ተመለስ» ይል ነበር።

ነጯ መኪና ተመለሰች። አንተሁነኝ ለከተማው የሚያሳየውን ድሉን በስልኩ እየቀረፀ እየሳቀ ወረደ።

«ምነው ወዳጄ፣ ነዳጅ አለቀ ወይስ ወኔ?» አለና በኋላው መስኮት ጎንበስ አለ። ሳቁ አፉ ላይ ደረቀ። «እማዬ?»

«ግባ» አለው ደመላሽ። «ዝም ብለህ ግባ።»

ነጯ መኪና ሞተሯ እንደበራ፣ በሯ እንደተከፈተ መንገድ ዳር ቀረች።

እማማ ጥሩወርቅ ከሞት ተረፉ። ነገር ግን ግማሽ አካላቸው ከድቷቸዋል፤ ምላሳቸውም የልጃቸውን ስም መጥራት አልቻለም። ሐኪሙ ሁለቱን ሰዎች ወደ ጎን ወስዶ ጠየቃቸው።

«ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትደርሱ ብዙ ነገር ይድን ነበር። ምን አቆያችሁ? መኪና አጥታችሁ ነው?»

አንተሁነኝ ግድግዳውን ተደግፎ ወደ ታች ተንሸራተተ። «እኔ ነኝ ያቆየኋት። እናቴን በገዛ እጄ አላሳልፍም አልኳት» አለ።

ደመላሽ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጠ። «መብራት ማለት ፉክክር ነው ብዬ ያስተማርኩህ እኔ ነኝ» አለው። ሁለቱም አለቀሱ።

ከሁለቱ መኪኖች ቶሎ የምትወነጨፈው የቷ እንደሆነች እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ የሚጠይቅም የለም። ይህን ታሪክ የሰማችሁ ሁሉ ግን አንድ ነገር ያዙ። ሰውን ዘወትር በፉክክር ብቻ ካናገርነው፣ ለእርዳታ ስንጮህም የሚሰማው ፉክክር ነው። ጆሮውን ያስለመድነው እኛው ነንና በእሱ ላይ ብቻ መፍረድ አንችልም። ደግሞም ከኋላችን መንገድ የሚለምን ሁሉ ሊበልጠን የመጣ አይደለም፤ ምናልባት የጫነው የእኛኑ ሰው ይሆናል።

እስቲ ስለ ጎረቤታችሁ፣ ስለ ሥራ ባልደረባችሁ፣ ስለ ወንድማችሁ አስቡ። ዛሬ ጨንቋችሁ ብትጣሩ፣ ጥሪያችሁ ምን ሆኖ ይሰማዋል?