በቁና የተነበበ መጽሐፍ

በእኛ በእነብሴ አንዲት አባባል አለች። አንድ ሰው የሌላውን የድካም ዋጋ ለማሳነስ ዙሪያ ጥምጥም ሲሄድ ሽማግሌዎች ይወረውሩበታል፤ የተወረወረበት ያፍራል፣ የቀረው ይስቃል። ላልለመዳት ጆሮ የአካል ክፍሎችን የምትቆጥር ተራ ነገር ትመስላለች። እኔም ልጅ ሳለሁ እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ። ኋላ አክስቴ መነሻዋን ስታወራኝ ነው ነገሩ የመጽሐፍ ነገር፣ ይልቁንም "የጻፈ ሰው ምን ይብላ?" የሚለው የቆየ ጭቅጭቅ መሆኑ የገባኝ። እሷ እንደ ነገረችኝ እነግራችኋለሁ፤ የጨመርኩበት ነገር ቢኖር ጨው ብቻ ነው።

ግራዝማች ቢተው የሚባሉ ባለጸጋ ነበሩ። ሰፊ መሬት፣ ብዙ ከብት፣ እስከ አፉ የሞላ ጎተራ ነበራቸው። እጃቸው ግን ጠበብ ይላል። "ግራዝማች ቤት የተጋበዘ፣ የዋንጫውን ጌጥ አድንቆ ይመለሳል እንጂ ጠላውን አይቀምስም" እያሉ ጎረቤቶቻቸው ያሟቸው ነበር። እርግጥ ይህ የተጋነነ ነው፤ ጠላውን ይቀምሳል፣ መድገም ነው የሚቸግረው።

ታዲያ አንድ ጊዜ ግራዝማች የአንድ ባላባት ወዳጃቸው ድግስ ላይ ተጠሩ። ከምሳ በኋላ ባላባቱ መጽሐፍ አስወጡና የአባቶቻቸውን ታሪክ አስነበቡ። ሴቱ እልል አለ፤ ወንዱ ፎከረ። ግራዝማች ብቻ የያዙትን ሥጋ እንደያዙ ቀሩ። ቤታቸው ገብተውም ለሚስታቸው ለወይዘሮ ውዳላት፣

«የእኔ ዘር ከማን አንሶ ነው በብራና ያልተጻፈ?» አሏቸው።

«ያነሰው ዘርዎ ሳይሆን ጸሐፊ ነው፤ ይጥሩና ያስጽፉ» አሉ ወይዘሮ ውዳላት።

በአገሩ የታወቀው ጸሐፊ መሪጌታ ምሕረቱ ነበሩ። ቅኔ ያስተምራሉ፣ ድርሳን ይገለብጣሉ፣ የሞተውን ሰው ታሪክ እንባ በሚያስመጣ ቃል ያቀናጃሉ። ችግሩ ማንም ሰው ጽሕፈትን እንደ ሥራ አይቆጥረውም። አናጢ ሲጠራ ዋጋ ይነገራል፤ ሸማኔ ሲጠራ ዋጋ ይነገራል፤ መሪጌታ ሲጠሩ ግን «እርስዎ እኮ እግዜር የሰጠዎት ነው፣ ምን ይቸግርዎታል!» ተብሎ ይመረቃሉ። መርቀው ይሸኟቸዋል፣ ተመርቀው ይመለሳሉ። ሚስታቸው አትጠገብ አፏ የማይመለስ ሴት ናት፤ «ምርቃት ቢጋገር ኖሮ እንደ እኛ ቤት የጠገበ አይገኝም ነበር» ትላለች።

በዚያ ዓመት ደግሞ ከሁለቱ በሬዎቻቸው አንዱ ገደል ገብቶ ሞተ። ክረምቱ እየቀረበ ነው። አንድ በሬ ብቻውን አያርስ ነገር፣ ከጎረቤት እንዳያቀናጁ ሁሉም የራሱን ማሳ ይቸኩላል። በሬ ካልተገኘ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥተው በግማሽ እህል ዓመቱን መግፋት ሊኖርባቸው ነው። የግራዝማች መልእክተኛ ሲመጣ አትጠገብ ባሏን በር ላይ ይዛ አቆመቻቸው።

«ስማ አንተ ሰው፤ ዛሬ አንድ በሬ በል። ከዚያ በታች እንዳትወርድ። ሲመርቁህ ደግሞ አሜን ከማለትህ በፊት በሬው የቱ ነው በል።»

«እሺ» አሉ መሪጌታ፤ በልባቸው ግን ከወዲሁ ማፈር ጀምረው ነበር።

ግራዝማች መሪጌታን በክብር ተቀበሉ፣ ሐሳባቸውን ነገሯቸው፣ ከዚያም እንደ ደንቡ መመረቅ ሊጀምሩ ሲሉ መሪጌታ አንገታቸውን ደፍተው፣

«ዋጋው አንድ በሬ ነው ጌታዬ» አሉ።

አያ ድልነሳ የሚባሉ፣ ለአገሩ ሰው ሁሉ ውል የሚያስሩ ሽማግሌ ከጎን ተቀምጠው ነበር፤ እሳቸው እንኳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«በሬ? የሚያርስ በሬ?» አሉ ግራዝማች። «ፍየል ላርድ፣ ቆዳዋን ልሰጥ ነው። ቀለሙ ጥላሸት፣ ብዕሩ መቃ። ከዚህ ውስጥ በሬ የሚያህለው የቱ ነው?»

«እኔ ነኝ» አሉ መሪጌታ ቀስ ብለው።

አያ ድልነሳ ፈገግ አሉ። ግራዝማች ግን ጢማቸውን ሲዳብሱ ቆዩና ዓይናቸው አበራ። ብልሃት ሲመጣላቸው ሁልጊዜም ጢማቸውን ይዳብሳሉ።

«ይልቅ ይስሙኝ መሪጌታ። መጽሐፍ ካልተነበበ ምንድን ነው? የሞተች ፍየል ቆዳ ነው። ስለዚህ ለጽሕፈቱ ምንም አልከፍልም። መጽሐፉ በሰው ፊት በተነበበ ቁጥር ግን አንድ አንድ ቁና ጤፍ ይስፈሩ። ባነበብን መጠን ይበላሉ፤ ፍርድ አይደለም?»

በልባቸው ያሰቡት ለፋሲካና ለዓመት ድግሳቸው ማስነበብ ነበር። በዓመት ሁለት ቁና! በዚህ ሒሳብ አንድ በሬ ለመክፈል የልጅ ልጆቻቸው ዕድሜም አይበቃም።

«እስከ መቼ?» አሉ አያ ድልነሳ።

«መጽሐፉ እስካለ ድረስ!» አሉ ግራዝማች፣ ደግነታቸው ራሳቸውን እያስገረማቸው።

ወይዘሮ ውዳላት ከጓዳ ብቅ አሉ። «ግራዝማች፣ በሬውን ይስጧቸውና ይገላገሉ። እኔ እርስዎን አውቅዎታለሁ።»

«የወንድ ውል ላይ ሴት ምን አገባት?» ተባሉ፤ ተመለሱ። መሪጌታም እንቢ ብለው ቢወጡ ሌላ ሥራ የለም፤ እሺ አሉ። አያ ድልነሳ ዋስ ሆኑ።

አትጠገብ ይህን ስትሰማ የፈላችውን መፍላት አልነግራችሁም። «በሬ ልታመጣ ሄደህ ወሬ ነድተህ መጣህ!» ብላ ጀርባዋን ሰጠቻቸው። መሬታቸውን ለእኩል ሰጡ። መሬታቸውን እኩል አራሹ ሲያርሰው እያዩ መሪጌታ ብራና ፋቁ፣ ቀለም በጠበጡ።

መጀመሪያ በግድየለሽነት ሊጽፉት አስበው ነበር። "ቢተው ጀግና ነው፣ አባቱም ጀግና ነው፣ አያቱም እንዲሁ" ብሎ መጨረስ። ሁለት ቅጠል እንደጻፉ ግን እጃቸው እንቢ አለ። ጽሑፉ አስጠላቸው፤ ፍቀው አጠፉት። ከዚያ ወዲያ ዝናብ ባባራ ቁጥር አሮጌ ሰዎችን ፍለጋ ቀበሌ ለቀበሌ ይዞሩ ጀመር። በዚህ መካከል ነው አንዲት ዓይኗ የፈሰሰ መነኩሲት የግራዝማችን እናት ነገር ያጫወተቻቸው።

ግራዝማች እናታቸውን አያውቋትም። የሚያውቁት ሞታ ያሳደጓቸው ዘመዶች መሆናቸውን ብቻ ነው። መነኩሲቷ ግን አብራት ነበረች። በአገሩ ተስቦ በገባ ጊዜ፣ እናትዮዋ የታቀፈችውን ጨቅላ ለማትረፍ ዓባይን ልትሻገር ወጣች። ወንዙ ሞልቷል። የፍየል ቆዳ ነፍታ ሕፃኑን በላዩ አሰረች፤ እሷ ከኋላ እየገፋች ዋኘች። መሃል ላይ ሲደርሱ ሕፃኑ አለቀሰ፤ እሷም እዚያው ውኃ ውስጥ ሆና እሹሩሩ አለችለት። ወዲያ ማዶ ወጣች፣ ለዘመዶቿ አስረከበችው፣ በሽታው ግን እሷንም ይዟት ኖሮ ሰነበተችና ሞተች። መሪጌታ ይህን ሰምተው ሲመለሱ መንገድ ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ። ቤታቸው ገብተውም በሬውንም፣ ቁናውንም፣ የግራዝማችን ጢም መዳበስም ረስተው ጻፉት።

ለመስቀል መጽሐፉ አለቀና በግራዝማች ቤት አንድ ዲያቆን በሰው ፊት አነበበው። የአያትየው ጀብዱ ሲነበብ ሰው ጮኸ፤ ግራዝማችም ደረታቸውን ነፉ። የእናትየው ሲደርስ ግን ማንም አልጮኸም። ግራዝማች በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ሁሉም አየ። ንባቡ ሲያልቅ፣

«እስቲ… ያቺን የውኃውን ቦታ ድገሙልኝ» አሉ።

ተደገመላቸው። አያ ድልነሳ በጆሯቸው ጠጋ ብለው «ይሄ ሁለት ይባላል» ቢሏቸው «ሁለት ይሁን!» አሉ፤ ጤፉ በደስታ ተሰፈረ።

ከዚያማ ምን ልበላችሁ። እሑድ ዘመድ መጣ፤ «የእናቴን ነገር አልሰማህም?» ተብሎ ተነበበለት። ማክሰኞ ጨው ነጋዴ አለፈ፤ ከነበቅሎው ተጎትቶ ገባ። ሊከሳቸው የመጣ የድንበር ባላጋራቸው ሳይቀር ተቀምጦ ሰማ፤ አልቅሶ ክሱን ተወ፤ ቁናው ግን አልቀረም። ያዳምጥ የነበረ ሁሉ ደግሞ ሆዱ ባዶ አይሸኝም። ግራዝማች ለእናታቸው እንባ ያፈሰሰን ሰው ጠላ መድገም ከልክለው ማስወጣት አልሆነላቸውም። ወሬው አገር አዳረሰ። የራበው መንገደኛ ደጃፋቸው ቆሞ «ስለ እናትዎ ሰምተን፣ ከሩቅ መጥተን ነው» ካለ በቃ፣ ምንጣፍ ይነጠፋል።

መሪጌታ ከገና በፊት በጤፉ በሬ ገዙ። አትጠገብም ፊቷን መለሰችላቸው፤ ጭራሽ መሪጌታ ሲያስነጥሱ «ይማርህ» ማለት ጀመረች። የተረፈውን እህል የሚያስቀምጡበት ቢጠፋ ጎተራ አሠሩ።

በግራዝማች ቤት ግን ወይዘሮ ውዳላት አንደኛው ጎተራ ውስጥ ጎንበስ ብለው መሬቱን አዩት። «ግራዝማች፣» አሉ፣ «እናትዎ እርስዎን ከዓባይ አወጡ፤ እርስዎ ደግሞ እኛን ዓባይ ሊከቱን ነው።»

ግራዝማች ደነገጡ። ጢማቸውንም ዳበሱ። ውሉ "በሰው ፊት" ነው የሚለው። ብቻዬን ብሰማስ? ዲያቆኑን ጠርተው እልፍኝ አስገቡ፣ በሩን ዘጉ፣ «ቀስ ብለህ አንብብ፣ ሹክ በል» አሉት። ዲያቆኑ ሹክ እያለ የውኃው ቦታ ላይ ደረሰ። ግራዝማች ጥርሳቸውን ነከሱ፣ ነጠላቸውን ነከሱ፣ በመጨረሻ ግን «ወይኔ እናቴ!» ብለው ቢጮኹ ጎረቤት ሁሉ ሰው የሞተ መስሎት በሩን ገንጥሎ ገባ። ዲያቆኑም በድንጋጤ ማንበቡን አላቆመም። በሰው ፊት ተነበበ ማለት ነው። አንድ ቁና።

በዚህ ጊዜ ግራዝማች ሽማግሌ ሰበሰቡ። በዋርካው ሥር እሳቸው ባንድ ወገን፣ መሪጌታና አትጠገብ በሌላው ወገን ተቀመጡ፤ አያ ድልነሳ መሃል ሆኑ።

«ውሉ ይፍረስልኝ፤ ተጎዳሁ» አሉ ግራዝማች።

«ምን ተደረጉ? ጽሕፈቱ ከፋ?» አሉ አያ ድልነሳ።

«ኧረ እሱስ አልከፋም! ምነው በከፋልኝ ኖሮ!»

ሽማግሌዎቹ በእጃቸው አፋቸውን ያዙ። መሪጌታ አንገታቸውን እንደደፉ፣ «ጌታዬ፣ አያስነብቡት። ካልተነበበ አይከፈልም፤ ቃልዎ ነው» አሉ።

ግራዝማች ሲናገሩ ድምፃቸው የባለጸጋ ድምፅ አልነበረም። «መሪጌታ፣ እኔ እናት አልነበረኝም። እርስዎ ነዎት የሰጡኝ። አሁን ደግሞ አትስማት ይሉኛል?»

መሪጌታ ሊምሩና በነጻ ሊለቁ አፋቸውን ሲከፍቱ አትጠገብ በክርኗ ጎሸመቻቸው። ያን ጊዜ ወይዘሮ ውዳላት ተነሥተው፣ የወንድ ውል ነው የሚላቸውም ሳይኖር፣

«እኔ ልናገር። ላሚቱን ከነጥጃዋ፣ ከዚያም አንድ በሬ ይውሰዱ። ከዛሬ ጀምሮ መጽሐፉን ሲያሰኘን እናንብበው፤ ቁናው ይቅር። እስካሁን የሄደው ሄዷል» አሉ።

መሪጌታ ወደ ሚስታቸው አዩ። አትጠገብ ላሚቱን ታውቃታለች፤ እነብሴ ውስጥ በወተቷ የታወቀችውን ያችን ላም የማያውቅ የለም። «ይሁን» አለች፤ ባሏም «ይሁን» አሉ። በመሐላ ታሰረ። ግራዝማች ከተስማሙበት ጊዜ አንስቶ ፊታቸው እንደ ሙሽራ በራ። ላሚቱ ከበረት ወጥታ ስትነዳ ዘወር ብለው እንኳ አላዩአትም፤ ዲያቆኑን እየፈለጉ ነበር።

«ና ልጄ! ና አንብብ፣ ዛሬ በነጻ ነው! ከመጀመሪያው ጀምር፤ የውኃው ቦታ ላይ ደግሞ አትቸኩልብኝ!»

ሰው ሁሉ በዋርካው ሥር እንደገና ተሰብስቦ ተቀመጠ። አያ ድልነሳም ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ መሄዳቸውን ትተው፣ ቦታ ይዘው እየተቀመጡ አጠገባቸው ወዳለው ሽማግሌ ዘንበል ብለው፣ «አየህ ወንድሜ፣ ለእጅ የነፈገ ለጆሮ ይከፍላል» አሉት።