የምድር አድማጯ ግምት

አንዲት ወጣት ወደ መምህርቷ መጥታ፣ «እትዬ፣ የወንድሜ ሚስት እንደምትንቀኝ ዓመት ሙሉ አስተውዬ አረጋግጫለሁ። ብሸሻት ምን ጥፋት አለብኝ?» ብላ ጠየቀቻት። መምህርቷም እንዲህ አለቻት፦

አንዲት ሴት ነበረች፤ ሥራዋ ምድርን ማዳመጥ ነበር። በቆላ በረሃ የተፈጥሮ ጋዝ የሚፈልጉ ሰዎች ቀጥረዋታል። መሬቱን በከባድ መኪና ያንቀጠቅጡታል፤ ድምፁ ወደ ታች ወርዶ ዓለቱ በተለወጠበት ሁሉ እንደ ገደል ማሚቶ ይመለሳል። እሷ ማሚቶውን ይዛ ወደ ኋላ ታሰላለች፦ ከታች ያለው ጋዝ የሚይዝ፣ ጥቃቅን ቀዳዳ የሞላበት ድንጋይ ነው ወይስ ድፍን?

ማሚቶ ግን ብቻውን አይበቃም። ዓለቱ የት እንደሚለወጥ እንጂ ምን እንደሆነ አይናገርም። ስለዚህ ስሌቱ መነሻ ግምት ይሰጠዋል፤ ግምቱም ቀድሞ ከተቆፈረ ጉድጓድ መዝገብ ይወሰዳል። የሥራው ሕግ ይህ ነው።

ሴትዮዋ በዚህ ሥራ አሥራ ሁለት ዓመት ኖረች። ከዚያ አዲስ ባልደረባ መጣች፤ ዝምተኛ ልጅ። በሦስተኛው ወር «ጋዙ ከምሥራቁ ኮረብታ ሥር ነው» አለች። አለቃው ካርታዋን አይቶ፣ «አንቺስ ጆሮ አለሽ» አላት። ሴትዮዋ ያቺን ቃል አሥራ ሁለት ዓመት ስትጠብቃት ኖራለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጅቷ ዝም ስትል ኩራት፣ ስትስቅ ሽሙጥ መሰላት።

አለቃው የልጅቷን ስሌት እንድትፈትሸው ለሴትዮዋ ሰጣት። በምሥራቅ አንድ የድሮ ጉድጓድ ነበረ፤ መዝገቡም ከሥሩ ቀዳዳ የሞላበት ድንጋይ መኖሩን ይናገራል። «ያረጀ መዝገብ ነው» ብላ ተወችው። በምትኩ የራሷን ግምት አስገባች፦ ምሥራቁ ድፍን፤ እሷ ከዓመታት በፊት የጠቆመችው ምዕራብ ግን ጋዝ ያዥ። ስሌቱ ሲያልቅ ከማሚቶው ጋር ልክክ አለ። ሁለት የማይመሳሰል ዓለት አንድ ዓይነት ማሚቶ ሊሰጥ እንደሚችል ታውቅ ነበር፤ ያን ቀን ግን ደስታዋ አስረሳት። የዋሸች እንኳ አልመሰላትም።

«እትዬ፣ መነሻው ከየት መጣ?» አለቻት ልጅቷ።

«ጆሮ ላለው ሰው ይህ ይጠፋዋል?» አለቻት ሴትዮዋ። በዙሪያው የነበሩት ሳቁ።

አለቃው የሴትዮዋን ስሌት አመነ፤ ልጅቷ ከሥራ ተሰናበተች። ምዕራቡ ተቆፈረ። በአራተኛው ወር ቆፋሪው ከጥልቁ የወጣ ድንጋይ ሴትዮዋ መዳፍ ላይ አኖረ። ውኃ ጠብ አደረገችበት። ጠብታዋ አልሰረገችም፤ ድፍኑ ድንጋይ ላይ እንደ ዶቃ ቁጭ አለች። ሌላ ለመቆፈር አቅም አልቀረምና ሰዎቹ ድንኳናቸውን ነቅለው ሄዱ። ዕቃ ሲሸከፍ የልጅቷ ደብተር ተገኘ። ሴትዮዋ በሥራ ላይ የተናገረችው ሁሉ በየቀኑ ተጽፎበታል። ልጅቷ ዝም የምትለው ለመማር ኖሯል።

መምህርቷ ወደ ወጣቷ ዞረች። «የሰው ፊት ማሚቶ ነው፤ ልጄ። መነሻው ቅናት ከሆነ ሁሉም ልክክ ይልልሻል። ለመሆኑ ካቻምና ስትታመሚ አጠገብሽ ያደረችው ማን ነበረች?»

ወጣቷ አቀረቀረች። «እሷ ናት። ግን እሱ እኮ ድሮ ነው።»

«ያረጀ መዝገብ ነው ትይኛለሽ?» አለች መምህርቷ። «ሂጂ፤ ዛሬውኑ ሂጂና ራሷን ጠይቂያት።»