መወጣጫው ላይ የተኛው በግ

ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው በአንድ በግ ነው።

አንድ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ ሐመልማል የምትባል ልጅ ትኖራለች። እግሯ አይሄድም፤ ዊልቸሯ ግን ይበራል። እስከ ዘንድሮ፣ በዓል ወደ እሷ ይመጣ ነበር እንጂ እሷ ወደ በዓል ሄዳ አታውቅም። በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ሴቶቹ ልጆች በሯ ድረስ መጥተው ይዘፍኑላትና ጉንጯን ስመው ይሄዳሉ። ዘንድሮ ግን ደጃፏ ላይ የዊልቸር መወጣጫ ተሠራላት፤ ልጆቹም የዘፈኑ አውጪ አንቺ ነሽ አሏት። ደስታዋን የምታደርግበት አጣች። አዲሱን ቀሚሷን ለበሰች፣ አደይ አበባዋን በላስቲክ ጠፍራ ዊልቸሯ ላይ አሰረች፣ በሩን ከፈተች።

መወጣጫው ላይ በግ ተኝቷል።

ከወዲያኛው ብሎክ ከበሮ ይሰማል፤ ልጆቹ ጀምረዋል። ሐመልማል በጉን ተነስልኝ አለችው፤ በጉ አልነሳም አለ። ከመወጣጫው ብረት ጋር የታሰረውን ገመድ ጎተተችው፤ ገመዱ አልፈታም አለ። ፎቅ ላይ የሚኖሩት የበጉ ባለቤት፣ የአቶ ጓንጉል ቋጠሮ ነዋ! እሳቸው የቋጠሩትን ከራሳቸው በቀር የሚፈታው የለም።

ወደ ላይ ተጣራች። አቶ ጓንጉል ዓይናቸው እንባ እንደሞላ በኩሽናው መስኮት ብቅ አሉ። በጉ አልነሳም፣ ገመዱ አልፈታም፣ እባክዎ ይውረዱልኝ አለች። አልወርድም አሉ። የዶሮውን ሽንኩርት እያማሰሉ ነው፤ ሽንኩርቱ ካረረ ሚስታቸው እታፈራሁ ቤት አያስገቧቸውም።

«ከበዓሉ በኋላ እንደልብሽ ትወጫለሽ፣ ልጄ» አሏት።

ይህችን ቃል ሐመልማል ስንት ጊዜ ሰምታታለች መሰላችሁ! ከበሮው ደግሞ ቀርቧል።

ወይዘሮ እታፈራሁ ግቢው በር አጠገብ፣ ቢላ ሞራጁ ፊት ቆመዋል። በጉ አልነሳም፣ ገመዱ አልፈታም፣ ጋሼ ጓንጉል አልወርድም፣ ሽንኩርቱም አልተውም አለ፤ እትዬ፣ ይምጡና ማማሰያውን ይቀበሏቸው ብላ ጮኸች። እሳቸው ግን ቢላዬ ሳይሞረድ ንቅንቅ አልልም፣ ወረፋዬን ማን ይጠብቅልኛል፣ ከበዓሉ በኋላ አይደርስም ወይ አሉ።

እንግዲህ የቀረው ሞራጁ ነው። በጉ አልነሳም፣ ገመዱ አልፈታም፣ ጋሼ ጓንጉል አልወርድም፣ ሽንኩርቱ አልተውም፣ እትዬ እታፈራሁ አልነቃነቅም አሉ፤ ወንድሜ፣ ቶሎ ሞርድላቸው አለችው። ሞራጁ ፔዳሉን ረገጠ ረገጠ፣ ድንጋዩ አልዞርም አለ። ማዞሪያ ላስቲኩ ተበጥሷል። ጎማ ሠሪው አገሩ ስለገባ ላስቲክ የሚገኘው፣ መቼም ገምታችኋል፣ ከበዓሉ በኋላ ነው።

ከበሮው ብሎኩን ዞሮ ሊያልፍ ነው። በጉ አልነሳም፣ ገመዱ አልፈታም፣ ጋሼ ጓንጉል አልወርድም፣ ሽንኩርቱ አልተውም፣ እትዬ እታፈራሁ አልነቃነቅም፣ ድንጋዩ አልዞርም፣ ላስቲኩ የለሁም! የሐመልማል እንባ መጣ። አቀርቅራ አበባዋ ላይ ልታለቅስ ስትል አበባው የታሰረበትን አየች።

ከድሮ ጎማዋ የተቆረጠ ላስቲክ!

«ያዘው!» ብላ ፈታችና በበጉ አናት ላይ አሻግራ ለሞራጁ ወረወረችለት። አበባው ጭኗ ላይ ተበተነ።

ከዚያ በኋላማ ማን ያቁመው! ላስቲኩ ድንጋዩን ያዘ፣ ድንጋዩ ዞረ፣ ቢላው ተሞረደ፣ እትዬ እታፈራሁ ሮጡ፣ ሽንኩርቱ ተማሰለ፣ ጋሼ ጓንጉል ወረዱ፣ ገመዱ ተፈታ። በጉማ እትዬ እታፈራሁ ያን የሚያብለጨልጭ ቢላ ይዘው በአጠገቡ ሲያልፉ ነው፣ ማንም ሳይነግረው ብድግ ያለው።

ዊልቸሩ በመወጣጫው ተንደረደረ። ልጆቹ እልል አሉ፣ ከፊት አስገቧት፣ የተበተነውን አበባ ከጭኗ እያነሱ ተካፈሉት። ሐመልማል ልቧ ከከበሮው በላይ ይመታል። ይህን ያህል ተደስታ አታውቅም።

አቶ ጓንጉል በጋቸውን እንደያዙ ግራ ተጋብተው ቆሙ። ግቢው በሰውና በዊልቸር ሞልቷል፤ ማሰሪያ ጠፋ።

«ልጄ፣ ለዛሬ ብቻ ያው መወጣጫሽ ላይ ልመልሰው?»

ሐመልማል ዞር ብላ አየቻቸው።

«ከበዓሉ በኋላ፣ ጋሼ» አለችና ዘፈኑን አወጣች።