እመቤታችን የሆኖሪያን ደብዳቤ በአሳዳጁ ባርኔጣ ያሻገረችበት ተአምር

ምእመናን ሆይ፥ ጥቂት ታገሡኝና ይህን ስሙ፤ ሰምታችሁ ስትነሡ ጊዜያችሁ በከንቱ እንዳላለፈ እናንተው ትመሰክራላችሁ።

ነገሥታት እርስ በርሳቸው በተዋጉበት በታላቁ ጦርነት ዘመን፥ በአየርላንድ ሀገር በአንዲት የወደብ ከተማ ሆኖሪያ የምትባል መጽሐፍ ጠራዥ ነበረች። እርስዋም ወላዲተ አምላክን እጅግ ትወድ ነበርና፥ በየቀኑ የቀትር ደወል ሲመታ የያዘችውን ሥራ ትታ በጉልበቷ ተንበርክካ የገብርኤልን ሰላምታ ልታደርስ ተስላ ነበር። ሙጫው ቢደርቅ፥ ደንበኛው ቢቆጣ፥ ጸሎቷን ሳትጨርስ አትነሣም።

በዚያም ወራት ሀገሪቱን የሚገዛው የእንግሊዝ መንግሥት ከጀርመን ጋር ይዋጋ ነበርና፥ የሀገሩ ልጆች «ገዢያችን እጁ በሌላ ጦር ተይዞ ሳለ ካልተነሣን መቼ እንነሣለን?» ተባባሉ፤ ከዚያም በየመንደሩ በስውር ጠመንጃ አከማቹና የትንሣኤን ማግስት ቀጠሩ። ምሥጢራቸውን እንዴት ይላላኩ ነበር ብትሉ፥ ሆኖሪያ ወረቀቱን በጸሎት መጽሐፍ ሽፋን ቆዳ ሥር እየለጠፈች ትልክላቸው ነበር። ወንድሟ ፊንታን ደግሞ ኪልሞራን በምትባል መንደር የቤተ ክርስቲያን ደወል ደዋይ ነበረና፥ ከአርባ ጓደኞቹ ጋር በወፍጮ ቤት ወለል ሥር ጠመንጃ ቀብሮ ቀኑን ይጠብቅ ነበር።

በሆሣዕና ዋዜማ በቴሌግራፍ ቤት የሚሠራ ወዳጃቸው እያለከለከ መጣና «ሆኖሪያ፥ አንዱ ከድቶናል! ሰኞ ወታደሮቹ ወፍጮ ቤቱን ሊቆፍሩት ነው። ወንድምሽ ቀድሞ ካልሰማ ሁሉም መሰቀላቸው ነው» ብሏት ሮጠ። እርስዋም «ወፍጮ ቤቱ ታውቋል፤ ዕቃውን ዛሬውኑ ወደ ዋሻው ውሰዱ» ብላ በትንሽ ወረቀት ጻፈችና ጀርባውን ሙጫ ቀባችው። በመጽሐፉ ሽፋን ልትለጥፈው ስትል በሩ ተበረገደና ማልዳውኒ የሚባል ወፍራም የመንግሥት ፖሊስ ሳጅን ሊፈትሽ ገባ።

በዚያች ቅጽበት የቀትር ደወል መታ።

እንግዲህ አስቡት! ወረቀቱን ብትደብቅ ስእለቷ ይፈርሳል፤ ብትንበረከክ ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ተገልጦ ይቀራል። እርስዋ ግን «እመቤቴ፥ አንቺ ያዢልኝ» ብላ ተንበረከከች። ሳጅኑም የዚያው ሀገር ልጅ ነበርና፥ እናቱ ያስለመደችው ልማድ ሳያስበው አሸነፈውና ባርኔጣውን አውልቆ በጠረጴዛው ላይ ገልብጦ አስቀመጠ፤ አጠገቧም ተንበርክኮ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያም ከተከፈተው በር ነፋስ መጣና ወረቀቱን አንሥቶ በባርኔጣው ውስጥ ጣለው፤ ሙጫውም ከገበሩ ጋር አጣበቀው።

ፍተሻውን የሚመራው የእንግሊዝ መኮንን ከውጭ ገባና «ሳጅን! ልትፈትሽ ነው ወይስ ልትቆርብ የመጣኸው?» ብሎ ጮኸበት፤ ሳጅኑም ደንግጦ ባርኔጣውን ራሱ ላይ ደፋ። ቤቱን ገለበጡት፥ መጻሕፍቱን ቀደዱ፥ ምንም አላገኙም። መኮንኑ ግን ወታደር በደጇ አቆመና «ከዚህ ንቅንቅ እንዳትዪ» አላት። ሆኖሪያም ወረቀቱን ብትፈልግ አጣችው፤ ወንድሟ እንደሚሞት አስባም አለቀሰች።

ሳጅኑ የዚያኑ ዕለት ለሰኞው ቁፋሮ ወደ ኪልሞራን ታዘዘ። ከሃዲው የመጽሐፉንም ምሥጢር ተናግሮ ነበርና፥ ወደ መንደሩ በሚያሻግረው ድልድይ ላይ ወታደሮች የመንገደኛውን የጸሎት መጽሐፍ ሁሉ ሽፋኑን በቢላዋ ይሰነጥቁ ነበር። ወረቀቱ በመጽሐፍ ሄዶ ቢሆን አበቃ! የሳጅኑን ራስ ግን ማን ይፈትሻል? ሰላምታ ሰጥተው አሳለፉት። ማታም ባርኔጣውን ቢያወልቅ፥ በእመቤታችን ጥበብ ዓይኑ ተይዞ ነበርና ወረቀቱ ገበር መሰለው።

በማግስቱ ሳጅኑ ቅዳሴ ገባና ባርኔጣውን ገልብጦ ከወንበሩ ዳር አኖረ። ፊንታን ዘንባባ እያደለ ሲያልፍ ዓይኑ የእኅቱን እጅ ጽሕፈት ለየ። ልቡ ቢደነግጥም ዝቅ ብሎ «ጌታዬ፥ የባርኔጣዎ ገበር ተልጧል፤ ልጠግንልዎት?» አለ።

«እግዜር ይስጥህ ወንድሜ» አለ ሳጅኑ፤ «ከትናንት ጀምሮ ራሴን ሲያሳክከኝ ነው የዋለው።»

ፊንታንም ወደ ጓዳ ወስዶ ወረቀቱን ልጦ አነበበው፤ ገበሩን ሰፍቶም መለሰለት። በዚያው ዕለት አርባው ወንድሞች ጠመንጃውን ከድንች ጆንያ ሥር አድርገው ወደ ዋሻው አጋዙ።

ሰኞ ወታደሮቹ ወፍጮ ቤቱን እስከ መሠረቱ ቆፈሩና የአይጥ ጎጆ አገኙ። መኮንኑ በቁጣ «ማን ነገራቸው?» ቢል፥ ሳጅን ማልዳውኒ ራሱን እያከከ «ጌታዬ፥ እኔ ምን ዐውቄ!» አለ።

ማስረጃ ስላልተገኘም ከሆኖሪያ ደጅ ወታደሩ ተነሣ። ፊንታን መጥቶ ሁሉን በነገራት ጊዜ ሁለቱም እየሳቁ እያለቀሱ እመቤታችንን አመሰገኑ። በትንሣኤ ማግስትም የቀትር ደወል ሲመታ፥ አርባው ከነፊንታን አንድ ሳይጎድሉ ጠመንጃቸውን ይዘው በአደባባይ ቆሙ።

ደብዳቤውን በጠላት ራስ ላይ ያሻገረች ድንግል፥ ይህን የጻፈውንና ያነበበውን፥ እናንተንም ሰሚዎቹን ሁሉ ከጭንቅ ወንዝ ታሻግር፤ ለዘለዓለሙ አሜን። እናንተም ዝም ብላችሁ አትሂዱ! ነገ ስድስት ሰዓት ሲሆን የያዛችሁትን አስቀምጡና አንዲት ሰላምታ አድርሱ፤ እስቲ ሞክሩት።