መቀርቀሪያ የሌለው በርና የእማማ ወርቅያንጥፉ ሆድ

ይህ ሆድ ላለው ሁሉ የሚነገር ነው፤ ሆድ የሌለው ካለ ተነሥቶ ይሂድ።

ከሁሉ በፊት ጥፋቱ ይነገር። ስመኝ አንድ ማታ ለባሏ እናት ለእማማ ወርቅያንጥፉ ክኒን ፈጭታ በትኩስ ወተት አጠጣቻቸው። ምን እንደሆነ አልነገረቻቸውም። «ወተት ነው እማማ፣ እንቅልፍ ይሰጥዎታል» አለቻቸው። እማማም ኩባያውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ መርቀዋት ጠጡ። እስከ ዛሬ የሚከነክናት ያ ምርቃት ነው።

ክፉ አስባ አይደለም። እማማ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከገጠር መጥተው ደሴ ከልጃቸው ቤት ነው የሚኖሩት። ልጃቸው ደጀኔ የጭነት መኪና ይዞ ጅቡቲ ይመላለሳል፤ ቤቱ የሁለቱ ሴቶች ነው። ስመኝ ቀን ታስተምራለች፣ እማማ ቤት ይጠብቃሉ። ከዚያ የእማማ ሆድ ደረቀ። መጀመሪያ እራት ቀነሱ፣ ቀጥሎ ምሳ ተዉ፣ ኋላም ሆዳቸውን በነጠላ ጠፍረው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው መተኛት ያዙ።

«ምን ላምጣልዎ እማማ?» ትላቸዋለች።

«ምንም። አንዴ በሰላም ወጣ ብዬ ብመለስ ነው የምሻው።»

ፍላጎታቸው ይህችው ናት። ሀብታምም ድሃም ጠዋት ጠዋት የሚሻት ትንሽ ነገር። ቀጥለው ግን አንድ ቃል ጨመሩባት፦ «እንቢ ካለኝ ቅዳሜ አውቶቡስ አሳፍሪኝ። ይህ ከተማ ሆዴን ቆልፎታል። አገሬ ገብቼ ልሙት።»

ስመኝ ደነገጠች። ደጀኔ ተመልሶ «እናቴስ?» ቢላት ምን ትለዋለች? በድንጋጤዋ ነው ክኒኑን የፈጨችው። ሌሊቱን ሙሉ እማማን ቆረጣቸው። ተገላበጡ፣ አቃሰቱ፤ ከአልጋ ግን አልወረዱም። ነጋ። ክኒን ሆድን አልገፋ አለ፤ ሆድም አልፈታ አለ።

ስመኝ ክኒኑን ልትከስስ መድኃኒት ቤት ሄደች። ባለሙያዋ ዘሀራ የቀድሞ ተማሪዋ ናት።

«ይሄ ክኒን ሰነፍ ነው። ጠንከር ያለ ስጪኝ» አለቻት።

«ቲቸር፣ ሰነፉ እሱ አይደለም። እንዴት ነው የሰጠሻቸው?»

«ፈጭቼ። በወተት።»

ዘሀራ እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች። «ይሄ እኮ ልባስ ያለው ነው። አንጀት እስኪደርስ እንዳይሟሟ ነው የተለበሰው። ወተት ልባሱን ያስወልቀዋል፤ አንቺ ደግሞ ቀድመሽ ፈጭተሽ ገፈፍሽው። ሆዳቸውን መቆንጠጥ ብቻ ነው የተረፈው። ያስመልሳቸዋል?»

«አያስመልሳቸውም።»

«ሆዳቸው ተነፍቷል? ደም አይተዋል? ፈስስ ይወጣቸዋል?»

ስመኝ ወረፋ የያዙትን ሰዎች በዓይኗ ቃኝታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እሱስ ይወጣል።»

«ጥሩ ነው። ማስመለስ፣ መነፋት ወይም ደም አንዱ እንኳ ከታየ፣ ፈሱ ካቆመ፣ ሕመሙም ከጠና፣ እዚህ እንዳትመጪ፤ ቀጥታ ጤና ጣቢያ ውሰጃቸው። ይህ ክኒን አልፎ አልፎ ሆድ ሲደርቅ ማታ የሚዋጥ፣ ጠዋት የሚሠራ ነው። በየቀኑ ልማድ አይደረግም። ሳይፈጭ፣ ሳይታኘክ፣ እሳቸው አውቀው ይዋጡት። ከሁሉ በፊት ግን ውሃ። ሆዱ ደረቅ ከሆነ ክኒኑ ምኑን ይግፋው?»

ስመኝ ወደ ቤቷ ሮጠች፤ ትልቁን ጆግ ሞልታ አልጋው አጠገብ አስቀመጠች። ውሃው ቁጭ አለ። ጠዋት አየችው፣ ቁጭ ብሏል። ማታ አየችው፣ አቧራ ለብሶ ቁጭ ብሏል።

«አንተ ውሃ፣ አትገባም እንዴ?» አለችው።

ውሃ አፍ ቢኖረው «አፍ ሳይከፈትልኝ በየት ልግባ?» ባላት ነበር። እንዲህ ሆኖ ውሃ ክኒንን አላግዝ አለ፤ ክኒን ሆድን አልገፋ አለ፤ ሆድም አልፈታ አለ።

ስመኝ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «እማማ፣ ስለ ልጅዎ ይሁንብኝ፣ አንድ ብርጭቆ ይጠጡልኝ።»

«አልጠጣም።»

«ለምን?»

«ውሃ ከጠጣሁ ልውጣ ማለቴ አይቀርም፣ አንቺ ልጅ። ብወጣ ደግሞ የት እገባለሁ?»

«መጸዳጃ ቤቱ አለ አይደል!»

እማማ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት። ጨዋታው አለቀ። እማማ ውሃን አልጠጣ አሉ፤ ውሃ ክኒንን አላግዝ አለ፤ ክኒን ሆድን አልገፋ አለ፤ ሆድም አልፈታ አለ።

ስመኝ ተነሥታ ወደ መጸዳጃ ቤቱ ሄደች። ከግቢው ጥግ ያለ የቆርቆሮ ቤት ነው፤ የግቢው ተከራይ ሁሉ የሚገባው እዚያው ነው፤ ጠዋት ጠዋት ሰው የውሃ ጣሳውን ይዞ ይሰለፍበታል። በሩን ዘጋችው፤ ሲጥጥ ብሎ ተከፈተ። እንደገና ዘጋችው፤ እንደገና ተከፈተ። መቀርቀሪያ የለውም። ከጠፋ ሰንብቷል፤ ሌባ ወሰደው ብላ ረስታው ነበር። እሷ ስትገባ አንድ እግሯን ዘርግታ በሩን ትደግፈዋለች። እማማስ? ጉልበታቸው የታመመ፣ አንድ እጃቸው ግድግዳ ላይ፣ አንዱ ምርኩዝ ላይ። በየትኛው እግራቸው ይደግፉት? በየትኛው እጃቸው?

ስመኝ በሩን ይዛ ቆመች። ነፋስ በመጣ ቁጥር ያ ቆርቆሮ እማማን ለግቢው ሁሉ ሲገልጣቸው ታያት። በር እማማን አልሸሽግ አለ፤ እማማ ውሃን አልጠጣ አሉ፤ ውሃ ክኒንን አላግዝ አለ፤ ክኒን ሆድን አልገፋ አለ፤ ሆድም አልፈታ አለ።

ጋሽ ይመር አናጢ ናቸው፤ ከግቢው በር ማዶ ሳንቃ ይልጋሉ።

«ጋሽ ይመር፣ አንድ መቀርቀሪያ ይምቱልን።»

«አብሽሪ፣ እሱ ምን ሥራ ነው! ግን አልመታም።»

«ምነው?»

«ግቢው የእትዬ ጦይባ ነው። እሳቸው ሳያዙኝ በግቢያቸው ሚስማር አላሳርፍም። ደግሞስ» አሉ መላጊያቸውን እያራገፉ፣ «ያንን መቀርቀሪያ የነቀልኩት እኔ ነኝ። ንቀል ያሉኝም እሳቸው ናቸው። ዛሬ ንቀል፣ ነገ ምታ፤ እኔ ምን ልሁን፣ የልጆች መጫወቻ?»

«ሌባ አይደለም የወሰደው?»

«ሌባስ ሌላ የሚወስደው አጥቶ ነው?»

ስመኝ ተመለሰች፤ እየሄደች በከንፈሯ ትቆጥራለች። ጋሽ ይመር በርን አልጠግን አሉ፤ በር እማማን አልሸሽግ አለ፤ እማማ ውሃን አልጠጣ አሉ፤ ውሃ ክኒንን አላግዝ አለ፤ ክኒን ሆድን አልገፋ አለ፤ ሆድም አልፈታ አለ።

የግቢው ባለቤት እትዬ ጦይባ ደጃቸው ላይ ምስር ይለቅሙ ነበር። ስመኝ ከሩቅ ጀምራ ተቆጣች።

«እትዬ ጦይባ፣ የሰው በር መቀርቀሪያ ይነቀላል? እማማ እኮ በሰቀቀን ሊሞቱብኝ ነው! ምን ያለ ጭካኔ ነው?»

እትዬ ጦይባ ሰፌዱን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። ቀና ብለው ቆይተው አዩዋት።

«ስመኝዬ፣ ወላሂ ረስተሽዋል?»

«ምኑን?»

«ያን ጠዋት። ያካፋ ነበር። ሁላችንም ጣሳችንን ይዘን ተሰልፈናል። እማማ ውስጥ ነበሩ። አንቺ ሥራ ረፍዶብሽ በሩን ደበደብሽው። ‹እማማ፣ እዚያው ሊከርሙ ነው? እትዬ ጦይባ፣ ይህን መቀርቀሪያ ካላስነቀሉልን እኚህን ሴትዮ በክሬን ነው የምናወጣቸው!› አልሽ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ። እውነትሽን መስሎኝ አስነቀልኩት።»

ትዝ አላት። ዝናቡ ትዝ አላት፤ ሳቁም። ሰው አስቃ መሄዷ እስከ ትምህርት ቤቱ ድረስ ደስ ብሏት እንደነበር ትዝ አላት። እማማ እንዴት እንደወጡ ግን አላየችም፤ ፊቷ ወደ ሳቂዎቹ ነበር።

«እንዴት ሆነው ወጡ?» አለች ቀስ ብላ።

«መሬት መሬት እያዩ።» እትዬ ጦይባ ተነሥተው ከሣጥናቸው የዛገ መቀርቀሪያ አወጡ፤ አሳዩዋት፤ መልሰው ጨበጡት። «ይኸው አለ። ይመርን ግን አላዝም። እማማ የተዋረዱት ሰው ፊት ነው፤ ሰው ፊት ይካሱ። ያስነቀልሽው አንቺ ነሽ፣ አስመልሺው።»

ስመኝ በግቢው መሀል ቆመች። እትዬ ጦይባ ጋሽ ይመርን አላዝ አሉ፤ ጋሽ ይመር በርን አልጠግን አሉ፤ በር እማማን አልሸሽግ አለ፤ እማማ ውሃን አልጠጣ አሉ፤ ውሃ ክኒንን አላግዝ አለ፤ ክኒን ሆድን አልገፋ አለ፤ ሆድም አልፈታ አለ። ይህን ሁሉ የሚጎትተው ገመድ ጫፉ የት ነው ብላ ተከተለችው። ከራሷ እጅ ገባ።

በማግሥቱ ጠዋት ሰልፉ እንደ ወትሮው ነበር። እማማ ከደጃፋቸው በርጩማ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ስመኝ ከአጥሩ ሥር አንድ ድንጋይ አነሣች፤ ጥፋተኛ ሰው ሽማግሌ ፊት እንደሚያደርገው ማጅራቷ ላይ ተሸከመችው፤ በሰልፉ ፊት አልፋ እማማ እግር ሥር ተንበረከከች። ጣሳዎቹ ሁሉ ጸጥ አሉ።

«እማማ፣ በእነዚህ ሰዎች ፊት አሹፌብዎታለሁ፤ መቀርቀሪያውን ያስነቀልኩት እኔ ነኝ። አሁንም በእነሱ ፊት ይቅርታ እለምንዎታለሁ። ሌላም አለ። ያ ወተት ወተት ብቻ አልነበረም። የሆድ ክኒን ፈጭቼ ከትቼበት ነበር። ሌሊቱን ያሳመመዎት እሱ ነው።»

እማማ «አውቄዋለሁ» አሉ።

«ምኑን?»

«ወተቱን። ይመራል። ወተት መሮኝ አያውቅም።»

«ታዲያ ለምን ጠጡት?»

«ከእጅሽ ነዋ የተቀበልኩት» አሉ እማማ። «ሲገፋኝስ ገፍቶኝ ነበር። ያን በር ሳስብ ጥርሴን ነክሼ ያዝኩት።»

ስመኝ ከዚህ በኋላ ቀና ማለት አልቻለችም። ድንጋዩ አይደለም የከበዳት።

«እግዜር ይፍታሽ» አሉ እማማ። «አሁን ይህን ድንጋይ ከአንገትሽ አውርጂው፣ ይሰብርሻል። ወስደሽ ከዚያ በር ሥር በውስጥ በኩል አድርጊልኝ። ይመር እስኪመጣ እሱ ይጠብቀኝ።»

ሰልፉ ሳቀ። በዚህኛው ሳቅ ውስጥ ግን እማማም ነበሩበት።

ያኔ ገመዱ ተፈታ። እማማ ስመኝን ይቅር አሉ፤ እትዬ ጦይባ ጋሽ ይመርን አዘዙ፤ ጋሽ ይመር እያጉረመረሙ በርን ጠገኑ፤ በር እማማን ሊሸሽግ ተዘጋጀ፤ እማማ ውሃን ጠጡ፣ ከሰዓትም ጠጡ፣ ከእራት በኋላም ጠጡ፤ ሊተኙ ሲሉ ስመኝ ክኒኑን በመዳፏ ይዛ «ይህ የሆድ ክኒን ነው፣ ሳያኝኩ ይዋጡት፣ ካልፈለጉም ይተዉት» አለቻቸው፤ እማማ ገልብጠው አዩትና «ይችን ነው እንዴ እንደ በርበሬ የፈጨሻት!» ብለው በውሃ ዋጡት፤ ውሃ ክኒንን አገዘ፤ ክኒን ሆድን ገፋ።

ጠዋት እማማ ምርኩዛቸውን ይዘው ግቢውን አቋረጡ። ገቡ። መቀርቀሪያው ቀጭ አለ። ስመኝ ደጅ ቆመች። ሰልፉ ረዘመ፤ ከኋላ አንዱ ተከራይ «ኧረ እስካሁን?» አለ።

«ቀስ ብለው ይሁኑ» አለችው ስመኝ። «የቸኮለ ጎረቤት ግቢ ይሂድ።»

ከብዙ ቆይታ በኋላ መቀርቀሪያው ቀጭ አለ። እማማ ወጡ፤ መሬት አላዩም፤ ሰልፉን ከፊት እስከ ኋላ በዓይናቸው አለፉበትና ወደ ስመኝ ዞሩ።

«እዚህ ቤት ቁርስ የለም እንዴ?» አሉ።

ቅዳሜ አውቶቡሱ ያለ እማማ ሄደ። የቀሩት ክኒኖች መሳቢያ ውስጥ ናቸው፤ አልፎ አልፎ እማማ ራሳቸው «ዛሬስ ስጪኝ» ሲሉ ብቻ ይወጣሉ። ድንጋዩም ከበሩ ሥር ቀርቷል፤ ማንም አላነሣውም። ስመኝ በገባች ቁጥር ታየዋለች።

እማማ ይቅር ብለዋታል። ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ እናንተም ይቅር በሏት።